ኮሌስትሮሉ ወረደ ብዬ የተደሰትኩበት ቀን



ስለ ኩላሊት ሕመምና ስለ ደም ቅባት እንድናገር ስጋበዝ ሰንጠረዥ ይዤ ልመጣ ነበር፤ ተውኩት። ስለ አንድ የዛሪማ ገበሬ ልንገራችሁ።

ሊማሊሞን ወጥተው፣ ደባርቅን አልፈው ነው እኔ ዘንድ የሚደርሱት። ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ኩላሊታቸውን የጎዳው የደም ግፊት ነው፤ ዲያሊስስ አልጀመሩም። የተከለከሉ ምግቦች ዝርዝር ያለበት ወረቀት ሰጠኋቸው፦ ቅቤ፣ ሥጋ፣ እንቁላል፤ ለፖታሲየሙ ደግሞ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ሙዝ። ከስድስት ወር በኋላ ሲመለሱ ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው በደንብ ወርዷል። «ጎሽ አባቴ!» አልኳቸው። ቀበቶአቸው ላይ በምስማር የተበሱትን ሁለት አዲስ ቀዳዳዎች ያየሁት ልመረምራቸው ሲተኙ ነው።

«ምንድን ነው የሚበሉት?»

«እንጀራ በድልህ ነዋ፣ ልጄ። ሌላውን አንቺው ከለከልሽኝ።»

ፖታሲየማቸውን መለስ ብዬ ሳየው ድሮም ጤነኛ ነበር። እኔ ሳላይ ነው የከለከልኩት። ድልሁ ደግሞ ጨው ነው! ተማሪ ሳለን በቡድን ሥልጠናው ሰው ጓዳ ገብተን እንጠይቅ አልነበር? ስመረቅ ረሳሁት መሰለኝ።

ኩላሊት ሲደክም በብዛት የሚጨምረው ትራይግሊሰራይድ ነው፤ ኤችዲኤል ይቀንሳል፤ ኤልዲኤል ግን ልክ ሊመስል ይችላል። ፕሮቲን በሽንት በብዛት ሲፈስ ጉበት ቅባት አብዝቶ ስለሚያመርት ኤልዲኤልም ይወጣል። በሕመሙ መጨረሻ ደረጃ ደግሞ የኮሌስትሮል መውረድ የረሃብ ምልክት ሊሆን ይችላል። ክብደትና አልቡሚን ሳናይ «ጎሽ» አንበል።

በዓመት ከ180 ቀን በላይ ለሚጾም ሰው ፕሮቲኑ ያለው ሽሮው ውስጥ ነው። የጥራጥሬ ፎስፈረስ ደግሞ የሥጋውን ያህል ወደ ደም አይገባም። ፖታሲየሙ ከፍ ያለበትን እንከልክል፤ ያልጨመረበትን ለምን? የሚረጋውን የፓልም ዘይት በኑግ ወይም በሰሊጥ ዘይት መተካት ይበልጥ ይጠቅማል። ስታቲንንም አንርሳ፦ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኬዲጎ መመሪያ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ዲያሊስስ ላልጀመሩ የኩላሊት ሕሙማን እንዲሰጥ ይመክራል። ዲያሊስስ ላይ ላለ ግን አዲስ አንጀምርም፤ ቀድሞ የጀመረ ሊቀጥል ይችላል።

ሰውዬው ሽሮአቸውን ጀምረዋል፤ ጨው የሌለበት በርበሬ ለብቻቸው ይዘጋጅላቸዋል፤ ስታቲናቸውን ይወስዳሉ። ለፋሲካ ዶሮ ወጡ ላይ አንድ ማንኪያ ቅቤ ፈቅጄላቸው ነበር። ሁለት እንዳደረጉት ባለቤታቸው ነግረውኛል።