ሞላ በተከታታይና በትይዩ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር



ተማሪ ሳለሁ የሞላን ቀመር በቃሌ ይዤ ነበር፤ ፈተና ላይ ግን ከሬዚስተር ጋር አምታታሁትና በተከታታይ የተያያዙትን ደመርኳቸው። ያው ስህተት ዛሬም በየዓመቱ በተማሪዎቼ ወረቀት ላይ አገኘዋለሁ። ስለዚህ ከቀመሩ በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ለሁሉም ሞላዎች እኩል የሆነው ኃይሉ ነው ወይስ መለጠጡ?

ሮበርት ሁክ በ1678 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ እንዳስረዳው መለጠጥ ከኃይል ጋር ተመጣጣኝ ነው። ግትርነቱ 100 ኒውተን በሜትር የሆነ ሞላ 5 ኒውተን ቢንጠለጠልበት 5 ሳንቲ ሜትር ይለጠጣል። ሁለት እንዲህ ያሉ ሞላዎችን አንዱን ከሌላው ሥር ብንሰቅል፣ ያው 5 ኒውተን በሁለቱም ያልፋል፤ ጠቅላላው መለጠጥ 10 ሳንቲ ሜትር፣ የጥምሩ ግትርነት 50 ይሆናል። ጎን ለጎን ሰቅለን ጭነቱን በጋራ ብናሸክማቸው ግን መለጠጣቸው እኩል ሆኖ ኃይሉን ይካፈላሉ፤ 2.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይለጠጣሉ፤ ግትርነታቸውም 200 ነው።

አሁን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የጭነት መኪና እንመልከት። የባሌስትራው ብረቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው ስናይ ተከታታይ ይመስሉናል። ነገር ግን አብረው ይጎብጣሉ፣ ጭነቱን ይካፈላሉ፤ ስለዚህ ትይዩ ናቸው። ተከታታዮቹ ባሌስትራውና ጎማው ናቸው፤ በባሌስትራው ያለፈው ጭነት ሁሉ በጎማው በኩል ወደ መሬት ይወርዳልና።

ለስሌት ያህል የባሌስትራው ግትርነት 300፣ የጎማው 600 ኪሎ ኒውተን በሜትር ይሁን። ጥምሩ 200 ነው። ባለንብረቱ ብዙ እህል ለመጫን ብረት አስጨምሮ ባሌስትራውን 600 ቢያደርሰው፣ ጥምሩ 400 አይሆንም፤ 300 ነው። የቱንም ያህል ብረት ቢደርብ ከጎማው 600 አያልፍም።

የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ብረት የተጨመረበት መኪና ከባድ ጭነት ይዞ እንኳ ዝቅ አይልም፤ ሲያዩት ያልከበደው ይመስላል። ጎማው፣ አክሰሉና ፍሬኑ ግን የጭነቱን ሙሉ ክብደት ይቀበላሉ፤ ለእነርሱ የተጨመረላቸው ነገር የለም። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን ቁልቁለት የምታውቁ፣ እዚያ ላይ ፍሬን ምን እንደሚጠበቅበት ታውቃላችሁ።

ወደ ጠረጴዛዬ ልመለስ። ይህን ባለ 100 ሞላ ከመሐሉ ለሁለት ብቆርጠው የእያንዳንዱ ግማሽ ግትርነት ስንት ይሆናል? 50 ያላችሁ፣ ሙሉው ሞላ ራሱ የሁለት ግማሾች ተከታታይ መሆኑን አስቡና እንደገና እጃችሁን አውጡ።