ስሟ ያልተጻፈባቸው ሕንጻዎች
(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አርክቴክት ናታሊ ደ ብሎዋ ነው። ስሟን የሰማችሁ ጥቂት ትሆናላችሁ። ኒው ዮርክ፣ ፓርክ አቬኑ ላይ የሄደ ሰው ግን ሥራዋን ሳያይ አያልፍም።

የተወለደችው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1921 ነው። በ1944 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ ያዘች፤ ብዙም አልቆየች። አንድ ባልደረባዋ ሊወዳጃት ፈልጎ እምቢ ስትለው፣ እሷ ባለችበት መሥራት አልችልም አለ። የተባረረችው እሷ ናት። ይህን ለመረዳት አሜሪካ ድረስ መሄድ የሚያስፈልገን አይመስለኝም።

ከዚያ ስኪድሞር፣ ኦዊንግስ ኤንድ ሜሪል የተባለው ድርጅት ገባች። በዚያ ዘመን ባለ ፋብሪካዎቹ ኩባንያዎች ዋና መሥሪያ ቤታቸውን በብረትና በመስታወት ማሠራት ጀምረው ነበር። ክብደቱን የሚሸከመው የብረቱ አጽም ስለሆነ የውጪው ግድግዳ እንደ መጋረጃ ይንጠለጠላል፤ ብርሃንም እንደ ልብ ይገባል። በ1952 ያለቀውን የሳሙና ኩባንያውን ሌቨር ሃውስ ከነደፉት አንዷ ናት። በ1960 የፔፕሲ ኮላና የኬሚካል አምራቹ የዩኒየን ካርባይድ ሕንጻዎች ተከተሉ።

እኔን የሚገርመኝ ዩኒየን ካርባይድ ነው። 52 ፎቅ፣ ከሥሩ ደግሞ ባቡር የሚመላለስበት ሐዲድ! ምሰሶዎቹ በሐዲዶቹ መካከል መቆም ነበረባቸው። ለአሳንሰር የሚቆፈር ጉድጓድ ቦታ ስላልነበረ አሳንሰሮቹ ከሁለተኛው ፎቅ እንዲነሡ ተደረገ። እንግዲህ ይህን ያህል ጭንቅላት የሚጠይቅ ሥራ ነበር።

የአራት ወንዶች ልጆች እናት ነበረች። አለቃዋ ጎርደን ባንሻፍት፣ ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ካልወለድሽ በስተቀር ወደ ምረቃው እንዳትመጪ ብሏታል፤ የሚመረቀው እሷ የሠራችበት ሕንጻ ነው። የሕንጻዎቹ ክብር ለዓመታት የተነገረው በእሱ ስም ነው፤ በ1988ም የፕሪትዝከርን ሽልማት ከአንድ ሌላ አርክቴክት ጋር ተካፈለ። ከድርጅቱ መሥራቾች አንዱ ኦዊንግስ በ1973 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ በወንዶች ስም ከሚታወቁት ውብ ሥራዎች ብዙዎቹ ከተነገረላት በላይ የእሷ ባለውለታ መሆናቸውን መስክሯል። መልካም ነው፤ ግን ዘግይቷል።

ናታሊ በ2013 ዐረፈች። የፔፕሲው ሕንጻ በቅርስነት ተጠብቆ ቆሟል። ዩኒየን ካርባይድ ግን ከ2019 ጀምሮ ፈረሰ። ሕንጻው ከሄደ በኋላ የቀረው ወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ስም ከሌለ ደግሞ ፍለጋው ከባድ ነው።

በምናሳትመው የምርት ዝርዝር ላይ ከዕቃው ጎን የሠራችው ሴት ስም ይግባ ብዬ የጠየቅሁት ለዚህ ነው። ኮሚቴው ቦታ ይጠብባል አለኝ። ለእያንዳንዷ አንድ መስመር ነው። የምትስማሙ ከሻይ በኋላ ጸሐፊያችን ዘንድ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ ሙሉ ስም፣ ከነአባት።