የበጉ እግር
ልጅ ሳለሁ የፋሲካ በግ ሲታረድ እግሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ። አባቴ «በስመ አብ» ብሎ ቢላዋውን ሲያነሳ ትንፋሼ ቀጥ ይል ነበር። የበጉ መፈራገጥ እስከ ማታ ከመዳፌ አይጠፋም፤ ጥብሱ ሲቀርብልኝ እንኳ ትዝ ይለኝ ነበር።

ዛሬ የእህቴ ልጅ ቁርስ ሳይቀርብ በስልኩ ጨዋታ 30 ሰው «ገድሎ» ይነሳል። እጁ ላይ የቀረ ነገር የለም።

ይህ ልጁን ጨካኝ ያደርገው ይሆን? በ1961 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 72 ሕፃናትን ይዞ ባደረገው ሙከራ፣ ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ካዩት ልጆች ብዙዎቹ ያንኑ ደገሙት። አሻንጉሊት ግን ሰው አይደለም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበርም በ2020 እ.ኤ.አ. ግድያ ያለበት የቪዲዮ ጨዋታ የከባድ ጥቃት መንስኤ ነው ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። እቀበላለሁ፤ ልጃችን ነፍሰ ገዳይ ይሆናል ብዬ አልሰጋም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፦ በዚያው ስልክ የእውነት ሬሳ ሲመጣ፣ በዚያው አውራ ጣት ገፋ አድርጎ ማለፉ። ባለፈው ሳምንት በዓይኔ አየሁት። «ይሄኮ እውነት ነው» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ስልኩንም አስቀመጠ።

ለመጪው ፋሲካ የበጉን እግር እሱ እንዲይዝ ጠይቄዋለሁ። እስካሁን እሺ አላለኝም።