ስሙ ያልታወቀ በሽታ



በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ በወላይታ፥ በኦፋ ወረዳ፥ ትኩሳትና የዓይን ቢጫነት ያለበት በሽታ ተነሥቶ ሰው ገደለ። ዓይን ቢጫ ሲሆን ሕዝባችን «የወፍ በሽታ» ይለዋል፤ ነገር ግን ወባም፥ የጉበት ሕመምም ዓይንን ቢጫ ያደርጋሉ። ስለዚህ አይቶ ብቻ መፍረድ አይቻልም።

ታዲያ በምን ይለያል? ቫይረስ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ ሕይወት ባለው ሕዋስ ውስጥ ካልሆነም አይራባም። መርማሪው የበሽተኛውን ደም ሕያዋን ሕዋሳት ባሉበት ብልቃጥ ይጨምራል፤ ሕዋሳቱ ከሞቱ ቫይረስ መኖሩን ይጠረጥራል። ማንነቱን ለማወቅ ቢጫ ወባን የሚከላከል ሴረም፥ ማለት ከረጋ ደም የሚለየውን ውሃ፥ ይቀላቅልበታል። ሕዋሳቱ ከዳኑ ጠላቱ ቢጫ ወባ ነው። በተገላቢጦሽም የታወቀውን ቫይረስ ወስዶ የበሽተኛው ሴረም ያከሸፈው እንደ ሆነ ይመለከታል። የኦፋ ሕመምተኞች ደም እስከ ዳካር ፓስተር ተቋም ተልኮ በዚህ መንገድ ቢጫ ወባ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ክትባትም ተሰጠ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1962 ይኸው በሽታ በደቡብ ምዕራብ አገራችን ወደ 30,000 ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። ስሙ ቶሎ ሲታወቅ ክትባቱ ቶሎ ይደርሳል። እንግዲህ ወላጆች፥ ደም ለምርመራ ሲጠየቅ አትከልክሉ፤ ተማሪዎችም በሳይንስ ክፍል ብልቃጥ ስታነሡ ይህን አስቡ።