ሩባርብና ሌሎች የበልግ የጓሮ አትክልቶች፦ ከዘሩ በፊት ውሃው



የዛሬው ሥልጠናችን በሳሪስና በአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ በበልግ ወቅት የጓሮ አትክልት ስለማልማት ነው። ስለ ዘር ከማንሳታችን በፊት ግን ስለ ውሃ እንነጋገር።

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማችንን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ። በመንገዳቸውም የመኖሪያ ቤት፣ የፋብሪካና የጋራዥ ፍሳሽ ይቀላቀልባቸዋል። በዚህ ውሃ በለሙ አትክልቶች ላይ በተለያየ ጊዜ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ብረቶቹን ይበልጥ የሚሰበስቡት ደግሞ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመንን የመሳሰሉ ቅጠላ ቅጠሎች ናቸው። ጀርምና የትል ዕንቁላል በደንብ ሲበስል ይሞታል። ተክሉ በሥሩ ስቦ ያስገባው ብረት ግን ታጥቦ አይለቅም፣ ተቀቅሎም አይጠፋም። ቅጠሉ አምሮ መታየቱ ለደኅንነቱ ማረጋገጫ አይሆንም። አትክልቱን ቀድመው የሚበሉት የራሳችን ልጆች ናቸው፤ ቀጥሎ ጎረቤት ይገዛናል። ስለዚህ የወንዙን ውሃ ለጓሯችን አንጠቀም፤ የወንዙን ደለልም ለም ነው ብለን ወደ መደባችን አናምጣ። ያላችሁ መሬት ወንዝ ዳር ብቻ ከሆነ፣ ቦት ጫማና ጓንት አድርጋችሁ የማይበላ ነገር፣ ለምሳሌ የአበባና የጥላ ዛፍ ችግኝ ማፍላት ይሻላል።

ታዲያ ውሃ ከየት ይምጣ? ጣሪያችሁን ተመልከቱ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚጥል 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። በ40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 400 ሊትር ይሆናል፤ የሚባክነው ቢቀነስ እንኳ 300 ሊትር ያህል ይጠራቀማል። 10 ካሬ ሜትር መደብ በቀን 40 ሊትር ቢጠጣ ይህ የአንድ ሳምንት ውሃ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ይፍሰስ። በርሜሉ ኬሚካል ያልተያዘበት ይሁን፤ ትንኝ እንዳይራባበትም ይከደን።

አፈራችን ጥቁር ኮትቻ ነው። ሲርስ ይጣበቃል፣ ውሃ ያቁራል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መደቡን 1 ሜትር ስፋት፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እንስጠው፤ በዙሪያውም የውሃ ማፋሰሻ ቦይ እናውጣ። ለአንድ ካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም በደንብ የበሰለ ኮምፖስት እንቀላቅል። ከተከልን በኋላ በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ ካለበስነው እርጥበቱ ይቆያል፤ ውሃም እንቆጥባለን።

ለጀማሪ ጓሮ ቆስጣ ይቅደም። ችግኙ ከ4 እስከ 5 ቅጠል ሲያወጣ በተክሎች መካከል 30፣ በመስመሮች መካከል 40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይተከል። ስንለቅም ከውጭ ያለውን ቅጠል ወስደን መሐሉን እንተው፤ እንዲህ ከያዝነው አንዱ ተክል ለወራት ይመግበናል። ካሮት ችግኝ አዛውሮ መትከልን ስለማይወድ በቀጥታ ይዘራል። ከበቀለ በኋላ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ አንድ እየተውን እናሳሳው። አፈሩ ካልለሰለሰ ሥሩ ስለሚከፋፈል፣ ካሮት የሚዘራበትን መደብ በጥልቀት እንቆፍር።

አንዳንዶቻችሁ ስለ ሩባርብ ጠይቃችኋል። ሩባርብ ሥሩ ለቅቤ ቀለም መስጫ የሚውለው የመቅመቆ ዘመድ ነው። ደጋ ይስማማዋል፤ አንዴ ከተተከለ ለዓመታት ይቆያል። የሚበላው ወፍራሙ የቅጠል ዘንግ ብቻ ነው፤ ከስኳር ጋር ተቀቅሎ ማርማላታ ይወጣዋል። ቅጠሉ ግን ኦክሳሊክ አሲድ ስለሚበዛበት መርዝ ነው፤ ለሰውም ለፍየልም አይሰጥ። ልጆች እንዳይሳሳቱ ቅጠሉን እዚያው ጓሮ ውስጥ ቆርጣችሁ ዘንጉን ብቻ ወደ ቤት አስገቡ። የሚተከለው ቡቃያ ያለው የሥር ክፍል ሲሆን በተክሎች መካከል 1 ሜትር ርቀት ይፈልጋል። ውሃ ካቆረበት ስለሚበሰብስ ከፍ ያለው መደብ የግድ ነው። ሥሩ እንዲጠነክር በመጀመሪያው ዓመት አይለቀም። ገዢው ገና ጥቂት በመሆኑም ሁለት ሦስት እግር ተክሎ መሞከር እንጂ የቆስጣን ቦታ ለሩባርብ መልቀቅ አንመክርም።

ሞዴል አርሶ አደር የሚያደርገውን ጎረቤቱ ያያል። ወደ ቤት ስትመለሱ በመጀመሪያ የጣሪያውን አሸንዳ ጠግኑ፤ ከዚያ መደቡን አውጡ፤ ዘሩን በመጨረሻ ግዙ። በቀጣዩ ስብሰባችን የእያንዳንዳችሁ ጎረቤቶች አትክልታቸውን በምን ውሃ እንደሚያጠጡ ጠይቃችሁ ኑ፤ ውይይታችን ከዚያ ይጀምራል።

መልካም የበልግ ሥራ ይሁንላችሁ።