ከጎሬ እስከ ባሮ ዳር፦ የዐሥር ዲግሪ ልዩነት በሕይወት ላይ የሚሠራው ሥራ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከጎሬ በጥዋት ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚጓዝ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጋምቤላ በ500 ሜትር ገደማ ላይ ከባሮ ዳር ተኝታለች። የአየር ሙቀት በየአንድ ሺህ ሜትሩ በአማካይ በስድስት ዲግሪ ተኩል ሴንቲግሬድ ስለሚለያይ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ ዐሥር ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት መገኘቱ የሚያስደንቅ አይደለም። የጎሬ የዓመት አማካይ ሙቀት 18 ዲግሪ ገደማ፣ የጋምቤላው ደግሞ 27 ወይም 28 ገደማ ነው። መንገደኛው ይህን የሚያስተውለው ካቦርቱን አውልቆ በክንዱ ላይ ሲያንጠለጥል ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩን ይረሳዋል። የዚህ ንግግር ዓላማ ያ ዐሥር ዲግሪ ሊረሳ የማይገባው መሆኑን ማሳየት ነው።

ጋምቤላ ራሷ የዚሁ ልዩነት ልጅ ናት ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ጣቢያውም በጋምቤላ ቆመ። በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባዎች ከሱዳን እየመጡ የጎሬንና የአካባቢውን ቡና ይጭኑ ነበር። ቡናው ከደጋው በጭነት ከብት ይወርዳል እንጂ በወደቡ ዳር አይበቅልም፤ በወደቡ ዳር የሚበቅለው በቆሎና ማሽላ ነው።

የዚህ ምክንያት ከአንድ ፕሮቲን ይጀምራል። ፕሮቲን ማለት እንደ ዶቃ የተሰካ የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ በተወሰነለት አኳኋን ካልተጣጠፈ ሥራውን አይሠራም። እጥፋቱን የያዙት ማያያዣዎች ደካሞች ናቸው፤ ድካማቸውም ጉድለት አይደለም፣ ፕሮቲኑ በሥራው ላይ ሳለ መተጣጠፍና መዘርጋት አለበትና። ሙቀት ሲጨምር እንቅስቃሴው ይፋጠናል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን እጥፋቱ ይፈርሳል፤ የእንቁላል ውኃ ሲቀቀል የሚነጣውና የሚረጋው በዚህ ምክንያት ነው። በቅጠል ውስጥ ካርቦን ከአየር የሚይዘው ሩቢስኮ የተባለው ፕሮቲን ደግሞ ከመፍረሱ አስቀድሞ መሳሳት ይጀምራል፤ አየሩ በሞቀ መጠን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈንታ ኦክስጅንን አብዝቶ ይይዛል፣ ተክሉም ያገኘውን ኃይል ስሕተቱን በማረም ይጨርሳል። ቡና ከዚህ የሚያመልጥበት መንገድ የለውም። በቆሎ፣ ማሽላና የሜዳው ረጃጅም ሣር ግን ካርቦኑን አስቀድመው አከማችተው ለሩቢስኮ የሚያቀብሉበት እንደ ፓምፕ ያለ ዘዴ አላቸው። የጋምቤላ ሜዳ የሣር ሀገር ሊሆን የቻለው ከብዙ ምክንያቶች መካከል በዚህም ነው። በሣሩም ላይ ነጭ ጆሮ ያለው ቆርኬ በብዙ መቶ ሺህ እየሆነ፣ ሣርና ውኃ ተከትሎ፣ ከደቡብ ሱዳኑ ቦማ እስከ ጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ይመላለሳል። የኑዌር ከብት አርቢም በክረምት ወደ ከፍታው፣ በበጋ ወደ ወንዙ ዳር ይዛወራል። በዚያ ሜዳ ላይ ለዘመናት ከኖረው ብዙው ተንቀሳቅሶ የሚኖር ነው።

ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ብረቱ በሙቀት ሲረዝም የሚይዘውን ክፍተት ይተዋል። የብረት መርዘም ከዲግሪው ጋር በቀጥታ የሚሄድ ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። ሕያው ነገር ግን በቀጥታ መስመር አይሄድም፤ ይህንንም ከወባ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳይ ምሳሌ በጋምቤላ አይገኝም።

የሰው ገላ ሙቀቱን በ37 ዲግሪ ገደማ ይጠብቃል። የትንኝ ገላ ግን የሚሞቀውም የሚቀዘቅዘውም ከአየሩ ጋር ነው። ስለዚህ የወባ ተውሳክ በሰው ደም ውስጥ ሳለ ጎሬም ሆነ ጋምቤላ ለእርሱ አንድ ነው፤ ትንኟ ደም መጥጣ በወሰደችው ጊዜ ግን የሀገሩ አየር ይገዛዋል። በትንኟ ገላ ውስጥ አድጎ ወደ ምራቋ እስኪደርስ ድረስ ንክሻዋ በሽታ አያስተላልፍም። ዴቲኖቫ የተባለች የሶቪየት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመችው ሥራ የታወቀው ስሌት እንደሚለው፣ ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ ተውሳክ ለማደግ ከ16 ዲግሪ በላይ የሆነ 111 የዲግሪና የቀን ብዜት ያስፈልገዋል። ይኸውም በ28 ዲግሪ 9 ቀን ከሩብ፣ በ20 ዲግሪ ወደ 28 ቀን፣ በ18 ዲግሪ ከ55 ቀን በላይ ማለት ነው።

እንግዲህ ከትንኞች በየቀኑ ከመቶ ዐሥሩ ይሞታሉ ብለን ብንገምት፣ ተውሳኩን ከወሰዱት አንድ ሺህ ትንኞች መካከል ተውሳኩ እስኪበስል በሕይወት የሚቆዩት በ28 ዲግሪ 377 ያህል፣ በ20 ዲግሪ 54፣ በ18 ዲግሪ 3 ብቻ ይሆናሉ። የዐሥሩ ዲግሪ ልዩነት ከመቶ እጥፍ በላይ ሆነ። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ታችኛው የስሌቱ ጫፍ ነው፤ ከ18 ወደ 20 ያለችው የሁለት ዲግሪ ጭማሪ ብቻዋን ሦስቱን ወደ ኀምሳ አራት ታደርሳለች። እርግጥ ነው፣ አሟሟቱ በየሀገሩና በየወቅቱ ይለያያል፤ በጋምቤላም በመጋቢት የሚያቃጥለው ደረቅ ሙቀት ትንኟን ራሷን ይገድላታል፤ ወባው የሚበረታው ከዝናቡ በኋላ ነው። ደግሞም የአየር ጠባይ መሣሪያ የሚለካው የውጭውን አየር ሲሆን፣ ትንኟ የምታርፈው ብዙ ጊዜ በቤት ውስጥ ነው። ማታ እሳት የሚነድድበት የደጋ ጎጆ ከውጭው አየር በብዙ ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል።

ደገኞች አባቶች ይህን ስሌት ሳያውቁ ውጤቱን ያውቁት ነበር፤ በመስከረምና በጥቅምት ቆላ ወርዶ ማደር ንዳድ እንደሚያስይዝ ይመክሩ ነበርና።

በቆላው የኖሩትስ እንዴት ኖሩ? በከፊል በልጅነታቸው ደጋግመው በመታመም በሚያገኙት የመከላከል ኃይል ነው፤ ለዚህም ዋጋው የብዙ ሕፃናት ሞት ነበር። በከፊል ግን ነገሩ እንደገና ወደ ፕሮቲን ይመለሳል። ቫይቫክስ የተባለው ሁለተኛው የወባ ተውሳክ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባው በሕዋሱ ገጽ ላይ ባለው ደፊ በተባለው ፕሮቲን በኩል ነው። ይህ ፕሮቲን በሕዋሳቸው ላይ የሌላቸው ሰዎች ቫይቫክስን የሚቋቋሙ መሆናቸው እ.ኤ.አ. በ1976 ተገለጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በኢትዮጵያ ላይ ታትሞ የወጣ ጥናትም በምዕራቡ ቆላ በሚኖሩት የናይሎቲክ ሕዝቦች ዘንድ ፕሮቲኑ የሌላቸው እጅግ እንደሚበዙ፣ ቫይቫክስም በእነርሱ ዘንድ ጥቂት እንደሆነ አመለከተ። ዛሬ ቫይቫክስ ይህ ፕሮቲን በሌላቸው ሰዎችም ደም ውስጥ አልፎ አልፎ መገኘቱ ስለታወቀ፣ በሩ ጨርሶ የተዘጋ ነው ማለት አይቻልም። ፋልሲፓረም ደግሞ ቀድሞውንም በሌላ በር የሚገባ ነው።

ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በድርቁ ምክንያት ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከከምባታና ከሐዲያ ብዙ ሕዝብ ወደ ጋምቤላ ሲሰፍር፣ ከደጋና ከወይና ደጋ የመጣው ሰፋሪ በአብዛኛው ከነዚህ መከላከያዎች አንዱንም ይዞ አልወረደም። መሬቱ ለም፣ ዝናቡ በቂ፣ ሜዳውም ለትራክተር የተመቸ ነበር፤ በካርታ ላይ የሚታየው ሁሉ ትክክል ነበር። በካርታው ላይ ያልተሣለው የትንኟ ዘጠኝ ቀን ከሩብ ነበር። ወባው ብዙዎችን ጣለ። በደንብ የታሰበበት ሰፈራ ቢሆን ኖሮ አጎበሩ፣ መድኃኒቱና ርጩ ከማረሻው ቀድሞ መድረስ በተገባው ነበር፤ ይህን ለማለት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

በዚያው ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በአቦቦ አጠገብ የአልዌሮ ግድብ ተሠራ። ዐሥር ሺህ ሄክታር እንዲያጠጣ የታሰበው ይህ ግድብ ለረጅም ዘመን ለታሰበለት መስኖ ሳይውል ቆየ። ሊቃውንት በጋምቤላ አካባቢ ወባ አስተላላፊ ብለው ከለዩአቸው ትንኞች መካከል ጋምቢዬ፣ ፉኔስተስና ኒሊ የተባሉት ይገኛሉ፤ ጋምቢዬ ፀሐይ የሚያገኘውን ትንሽ ኩሬ፣ ፉኔስተስ ሣር ያለበትን የቆየ ውኃ፣ ኒሊ የሚፈስስ ወንዝ ዳር ይወድዳሉ። መሐንዲስ ውኃ ሲያቆምና ቦይ ሲቀድድ ከሦስቱ ለአንዱ ወይም ለሌላው ቤት ሳይሠራ አይቀርም።

የሚሠራበት መፍትሔ ግን በመሐንዲሱ እጅ አለ። በአሜሪካ የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን ግድቦች ላይ የሐይቁን ወለል በየጊዜው ከፍና ዝቅ በማድረግ እጮቹ በደረቅ ዳርቻ እንዲቀሩ ይደረግ ነበር። በቆቃ የተደረገ ጥናትም ውኃው ፈጠን ብሎ ሲሸሽ በዳርቻው የሚገኘው እጭ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለቦይም እንደዚሁ ነው። በጋምቤላ ሙቀት እጩ ዐድጎ ትንኝ እስኪሆን ዐሥር ቀን ያህል ስለሚፈጅበት፣ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ፈጽሞ የሚደርቅ ቦይ ትንኝ አያወጣም። ለዚህ የሚያስፈልገው ትክክለኛ ተዳፋትና በር የሚዘጋ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሁለተኛው ነው።

ነገሩ ግን በቆላው አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1958፣ ማለትም በ1950 ዓ.ም. ማብቂያና በ1951 መጀመሪያ፣ ዝናቡና ሙቀቱ ከተለመደው በላቀበት ዓመት፣ ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ወዳለው ሀገር ወጣ። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150,000 ያህልም እንደሞተ ተገምቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ደግሞ የደብረ ዘይትን አካባቢ የወባ መዝገብ መርምሮ፣ ሞቃት በሆነ ዓመት በሽታው ወደ ከፍታው እንደሚወጣ፣ በቀዝቃዛውም እንደሚመለስ አረጋግጧል። ይህ የስሌቱ ታችኛው ጫፍ ነው፤ ሦስቱ ኀምሳ አራት የሚሆኑበት። አብዛኛው የኢትዮጵያ ሕዝብ የሚኖረውም በዚያ ጫፍ አካባቢ ነው።

ዛሬ በ1,800 ሜትር ላይ ለሚሠራ የመስኖ ግድብ ሥዕል የሚያዘጋጅ የማኅበሩ አባል የጎርፉን መጠን ለመቶ ዓመት ያሰላል፣ የደለሉን ለኀምሳ ዓመት። በሥዕሉ ማኅደር ውስጥ የሚገባው የሙቀት ሰንጠረዥ ግን ያለፉት ዓመታት አማካይ ነው፤ እርሱም የሚያገለግለው ለትነት ስሌት ብቻ ነው። ከዚያው ሰንጠረዥ ላይ 16ን ቀንሶ 111ን ለቀሪው ማካፈል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ቀጥሎም ሁለት ዲግሪ ጨምሮ መድገም ሌላ አንድ ደቂቃ ይወስዳል።