ስለ ባርሃም መርከብ ሞዴልና ስለ ማስረጃው አፈላለግ

(የማኅበራችን ጸሐፊ በወርሐዊው ስብሰባ ላይ ያደረገው ንግግር። በሥራ ምክንያት መገኘት ላልቻሉ አባላት ሲባል በሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



ባለፈው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ቀርቦ ነበር። «ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹን ይዘው ሙጫ የሚያሸቱት ለምንድን ነው? የእንግሊዝ የጦር መርከብ ለእኛ ምናችን ነው? ለዚያውም መሥራቱ ይሁን፣ አራት ወር ሙሉ ወረቀት ማገላበጥ ምን አመጣው?» ተብሏል። ሊቀ መንበሩ መልሱን ለእኔ ስለ ሰጡኝ እነሆ አቀርባለሁ። እኔ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ፣ ሙያዬ አናጢነት የሆነ ሰው ነኝ። እንግሊዝኛውን የሚያነቡት ልጆቹ ናቸው፤ እኔ ልኬቱን ነው የማየው። ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። በማኅበራችን መንገድ ጥግ ላይ የሚኖሩትን፣ ልጆቹ «እማማ» የሚሏቸውን እንግሊዛዊት አሮጊት ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። በክረምት የአዳራሹ ማሞቂያ ሲበላሽ ምድጃ ያዋሱን እሳቸው ናቸው። አባታቸው ባርሃም በምትባል ታላቅ የጦር መርከብ ላይ የቦይለር ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። መርከቢቱ በኅዳር 25 ቀን 1941 በሜዲትራኒያን ባሕር ስትሰጥም አብረው ቀሩ። እማማ ያን ጊዜ ገና ጡት ያልጣሉ ሕፃን ነበሩ። ልጆቻችን የፕላስቲክ መርከብ ሲገጣጥሙ በመስኮት አይተው ኖሮ፣ «የአባቴን መርከብ ትሠሩልኛላችሁ? ግን በዚያ ቀን እንደ ነበረችው ትሁን» አሏቸው። ችግሩ ያለው እዚችው «በዚያ ቀን እንደ ነበረችው» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ሥራው ሁሉ ከዚያች የተነሣ ነው።

አንድ ልጅ ወዲያው ዋርስፓይት የምትባለዋን መርከብ ሞዴል በሳጥን ገዝቶ መጣ። «እኅትማማች ናቸው፣ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ስሟን ብቻ እንቀይር» አለ። እውነት ነው፣ እኅትማማች ናቸው። ክዊን ኤልሳቤጥ፣ ዋርስፓይት፣ ቫሊያንት፣ ባርሃምና ማላያ የሚባሉት አምስቱ ከአንድ ፕላን የተወለዱ ናቸው፤ ባርሃም በ1914 ክላይድባንክ ላይ ጆን ብራውን በተባለው የመርከብ መሥሪያ ውኃ ላይ ወረደች። እያንዳንዳቸው ስምንት ባለ 15 ኢንች መድፍ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ በአራት ማማ ላይ ተሸክመዋል። የአፈሙዙ ስፋት 381 ሚሊሜትር ነው፤ ከአፈሙዙ ዳር እስከ ዳር ክንዴን ብዘረጋ እስከ ጣቴ ጫፍ አይሞላውም ብላችሁ ብዙም አልተሳሳታችሁ። የመድፉን ግዝፈት ማየት የሚፈልግ ሰው ለንደን ውስጥ ባለው የጦርነት ሙዚየም በር ላይ ሁለቱ ተጋድመው ይጠብቁታል፤ ከራሚሊስና ከሬዞሉሽን መርከቦች የወጡ ናቸው። መግቢያው በነፃ ስለሆነ ቤተሰብ ይዞ መሄድ ነው።

ታዲያ እኅትማማች ሆነው ሳለ ለምን አንዱን በሌላው ስም አንሠራም? ሰው ሲያረጅ እንደሚለዋወጥ መርከብም ይለዋወጣል። ዋርስፓይት ከ1934 እስከ 1937 ድረስ ከወገቧ በላይ ፈርሳ እንደ አዲስ ተሠርታለች፤ ፊት ለፊቷ እንደ ፎቅ ቤት ያለ ግንብ ቆመላት። ቫሊያንትና ክዊን ኤልሳቤጥም እንዲሁ ተደረጉ። ባርሃም ግን ይህ አልደረሳትም። እሷ የታደሰችው ቀደም ብሎ፣ ከ1931 እስከ 1934 ነው፤ ሁለት የነበረው ጭስ ማውጫዋ አንድ ሆነ፣ የአውሮፕላን መወርወሪያ ከኋላ ካሉት ሁለት የመድፍ ማማዎች በላይኛው ጣራ ላይ ተደረገላት፤ ፊቷ ግን ግንብ አልሆነም። በዋርስፓይት መወርወሪያው መሐል ወገቧ ላይ ነው። በጎኗ ያሉት ባለ 6 ኢንች መድፎችም በባርሃም 12፣ በታደሰችው ዋርስፓይት 8 ናቸው። እንግዲህ ያ ልጅ ያመጣውን ሳጥን ስም ቀይረን ብንሰጣቸው፣ እማማ የማያውቋትን መርከብ የአባትዎ ናት ብለን ሰጠናቸው ማለት ነው። የሰው አባት ፎቶግራፍ ሲጠየቁ የአጎቱን እንደ መስጠት ያለ ነው።

አሁን ወደ ልኬቱ ልግባ፤ ይህ የእኔ ክፍል ነው። መርከቢቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 196 ሜትር ትሆናለች። ልጆቹ የሚሠሩት 1 ለ 350 በሚባለው መለኪያ ስለሆነ 56 ሳንቲሜትር ይመጣል፤ ያ ማለት ከዚህ ጠረጴዛ ወርድ ትንሽ ያነሰ ነው። ወርዷ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ስትሠራ 27 ሜትር ከ60 ገደማ ነበረች። በኋላ ቶርፔዶ ለመከላከል በግራና በቀኝ ጎኗ ከውኃው ሥር እንደ ሆድ ያለ ቆርቆሮ ሲጨመርላት 31 ሜትር ከ70 ሆነች። በእኛ ሞዴል ላይ ይህ ከአንድ ሳንቲሜትር በላይ ልዩነት ነው፤ 7.9 የነበረው 9.06 ይሆናል። ሳንቲሜትር ለመርከብ ሞዴል ብዙ ነው። በር ስሠራ አንድ ሳንቲሜትር ብሳሳት በሩ አይዘጋም። የመጀመሪያውን የ1914 ፕላን አግኝቶ በዚያ የሚሠራ ሰው መርከቢቱን ሳያውቀው አቅጥኗት ይቀራል።

ስለዚህ ፕላን ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ የየትኛው ዓመት ፕላን እንደሆነ ማወቅ ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከብ ተሠርታ ስታልቅ በእርግጥ እንደተሠራችው ሆና የምትሣልበት ትልቅ ፕላን ነበረው። ይህ ከመሠራቷ በፊት ከሚሣለው ይለያል፤ አናጢ ሁሉ እንደሚያውቀው በወረቀቱ ላይ ያለውና የቆመው ቤት አንድ አይደሉምና። ከዚያ በኋላ ለውጥ ሲደረግ በዚያው ፕላን ላይ በሌላ ቀለም ይሣልና ዓመቱ ይጻፍበታል። የብዙዎቹ መርከቦች ፕላን ግሪኒች ባለው ብሔራዊ የባሕር ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ተቀምጧል። ዝም ብሎ መሄድ አይቻልም፤ ቀደም ብሎ ጽፎ ቀጠሮ መያዝ ነው።

ሁለተኛው ቦታ ኪው ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። እዚያ የአድሚራሊቲው ወረቀት አለ፤ የመርከቦቹም የዕለት መዝገብ፣ ማለት መርከቢቱ በየቀኑ የት እንደ ነበረች የሚጻፍበት ደብተር፣ እዚያ ይገኛል። የአንባቢ ካርድ በነፃ ይሰጣል። ብዕር አይገባም፣ እርሳስ ብቻ ነው፤ ከረጢትና ካፖርት ውጭ ይቀመጣል። ይህን የምናገረው አንዳንድ ወላጅ «ልጄን ለምን ፈተሹት» ብሎ ስለ ተቆጣ ነው። ሁሉንም ነው የሚፈትሹት፣ ፕሮፌሰሩንም ጭምር። የሰጠመች መርከብ የመጨረሻው ደብተር ከእሷው ጋር የሚሰጥምበት ጊዜ ስላለ፣ ያን ቀን አብረዋት የነበሩትን የክዊን ኤልሳቤጥንና የቫሊያንትን መዝገብ መጠየቅ ይሻላል ብለን ተስማምተናል። ሰው ሲሞት ጎረቤት እንደሚጠየቀው ማለት ነው።

ሦስተኛው ፎቶግራፍ ነው፤ ልጆቹ ከሁሉ የሚወዱት እሱን ነው፣ ከሁሉ የሚያሳስተውም እሱ ነው። ከፎቶው ሥር የተጻፈው ዓመት ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው፤ ሰው በግምት ጽፎት ሌላው ይገለብጠዋል። ስለዚህ ዓመቱን ከጽሑፉ ሳይሆን ከመርከቢቱ ማንበብ ነው። ለምሳሌ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ከ1936 እስከ 1939፣ የእንግሊዝ መርከቦች አውሮፕላን በስሕተት እንዳይመታቸው በመድፍ ማማቸው ላይ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ መስመር ይቀቡ ነበር። ያ መስመር ያለበት ፎቶ «1941» ቢባል አትመኑት። ጭስ ማውጫው ሁለት ከሆነ ደግሞ ከ1931 በፊት ነው። እንዲህ እያሉ ከሁለት ወገን ማጥበብ ነው።

ቀለሙ ላይ ነው ጠብ የተነሣው። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። በእንግሊዝ አገር ዙሪያ ያሉ መርከቦች ደማቅ ግራጫ፣ በሜዲትራኒያን ያሉት ፈዘዝ ያለ ግራጫ ይቀቡ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ በጦርነቱ ግን ጠላትን ለማሳሳት ዥጉርጉር ቀለም የተቀቡ ብዙዎች ናቸው። ከድሮው ፊልም አንዳንዱ ቀይን እንደ ጥቁር፣ ሰማያዊን እንደ ነጭ ያወጣል። አንዱ ልጅ ከፎቶ አይቶ «ይህ ጥቁር ነው» ሲል ሌላው «ፊልሙ ነው ያጠቆረው» ይላል። ሁለቱም ተኳርፈው አንድ ሳምንት አልተነጋገሩም። የጣውላው ወለልም እንዲሁ ነው፤ በሰላም ጊዜ እየተፈተገ የሚነጣው እንጨት በጦርነት ጊዜ ከአየር እንዳይታይ በግራጫ ቀለም የሚሸፈንበት ጊዜ ነበር። የሞዴል ሳጥን ላይ ያለው ሥዕል ሁልጊዜ የሚያምር ቢጫ ጣውላ ያሳያል። ሻጭ ነው፣ የሚያምረውን ያሳያል።

ሄዶ የማየት ነገርም ተነሥቶ ነበር። መልሱ አይቻልም ነው። የእንግሊዝ አገር ከዚያ ዘመን ታላላቅ መርከቦቿ አንዷን እንኳ አላስቀረችም። የመጨረሻዋ ቫንጋርድ በ1960 ለብረት ተሸጣ ተቆራረጠች። ዋርስፓይትም ያን ሁሉ ጦርነት አልፋ፣ በ1947 ወደ መቆራረጫው ስትጎተት ገመዷ ተበጥሶ ኮርንዎል ላይ ከድንጋይ ጋር ተላትማ እዚያው ተፈታች። ቴምዝ ወንዝ ላይ የቆመችው ቤልፋስት ክሩዘር የሚባለው አነስ ያለው ዓይነት ናት። ግርማዊነታቸውን በ1936 ከጅቡቲ ይዛ የሄደችው ኢንተርፕራይዝም ክሩዘር ነበረች፤ ከባርሃም ጋር አታመሳስሏት። እንግዲህ የቀረው ወረቀትና ፎቶ ብቻ ስለሆነ ነው ወረቀት ማገላበጡ የበዛው።

አንድ ነገር ግን አለ፤ የመርከቢቱ መጨረሻ በተንቀሳቃሽ ፊልም ተይዟል። በዚያ ቀን፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከግብፅና ከሊቢያ ጠረፍ ወዲያ፣ ዩ-331 የተባለችው የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ሦስት ቶርፔዶ መታቻት። ወደ ጎን ተጋደመች፣ የጥይቱ ግምጃ ቤት ፈነዳ፤ ሁሉም በአራትና በአምስት ደቂቃ ውስጥ አለቀ። ከ860 ሰው በላይ ሞተ። ጆን ተርነር የተባለ የዜና ካሜራ ሠራተኛ በቫሊያንት ላይ ሆኖ ቀረጸው። ልጆቹ ይህን ፊልም ለልኬት ብለው ደጋግመው ሲያዩ፣ በተጋደመው የመርከቢቱ ጎን ላይ የሚሮጡት ጉንዳን የሚያካክሉ ነገሮች ሰዎች መሆናቸውን ያስተዋለችው የ12 ዓመቷ ልጅ ናት። ከዚያ ወዲያ በአዳራሹ ጫጫታ አልነበረም። እኔም በእማማ ፊት ፊልሙ እንዳይከፈት ብያለሁ፤ እሳቸው ከጠየቁ ሌላ ነገር ነው።

መንግሥቱ የመርከቢቱን መስጠም ጠላት እንዳያውቅ ብሎ እስከ ጥር 1942 መጨረሻ ድረስ ለሕዝብ አልተናገረም። ለሟች ቤተሰቦች ግን ደብዳቤ ደርሷቸው ነበር፤ ለማንም እንዳይናገሩ ተለምነዋል። የእማማ እናት ባሏ መሞቱን እያወቀች ገናን ከጎረቤት ጋር ዝም ብላ ዋለች። ለቅሶ መቀመጥ የተከለከለ ሰው ምን እንደሚሆን እናንተ እናቶች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። «ለእኛ ምናችን ነው» ላላችሁትም አንድ ቀን ልንገራችሁ፤ ባርሃም በሰጠመች በሁለተኛው ቀን፣ ኅዳር 27 ቀን 1941፣ ጎንደር ላይ የነበረው የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን ሰጠ። ያው ጦርነት ነው፣ ያው ሳምንት ነው።

ስለ ገንዘቡ፤ ከማኅበሩ ካዝና የወጣ ምንም የለም። ሳጥኑን ልጆቹ ከኪሳቸው አዋጥተው ገዙ፤ ያ የዋርስፓይት ሳጥን ገላዋ ስለሚሆን አይጣልም። ከወገብ በላይ ያለውን ከፕላስቲክ ሉሕና ከናስ ሽቦ እየቆረጥን እንሠራዋለን። መቁረጡን እኔ ራሴ አስተምራለሁ። የሙጫው ሽታ ያስቸገራችሁ እናቶች እውነታችሁን ነው፤ ከእንግዲህ በኋላ መስኮት ተከፍቶ በጓሮ በኩል ባለው ክፍል ይሠራሉ፣ የቡናው ሥርዓትም በትልቁ አዳራሽ እንደ ድሮው ይቀጥላል።

የሚመጣው ሐሙስ አራት ልጆች ወደ ኪው ይሄዳሉ። ካርድ ለማውጣት መታወቂያና አድራሻ የሚያስረዳ ወረቀት ስለሚጠየቅ፣ ዕድሜያቸው ላልደረሰ አብሮ የሚሄድ ትልቅ ሰው ያስፈልጋል፤ አንድ አባት ፈቅደዋል፣ አንድ ሰው ይጎድለናል። የሚችል ከስብሰባው በኋላ ስሙን ለእኔ ያስመዝግብ። እርሳስ ይዞ መምጣት እንዳይረሳ።